የመንታ እናት እግር

«እግሯ በረካ አለው፣ ወላሂ! ልጅቷማ ዘይት ነው የምታቀብለው» አለች ሆዶ በስልክ። ሩቲ ይህን የሰማችው ከመጋረጃው ወዲያ ሆና፣ በአንድ እጇ የሰሊጥ ዘይት ሳህን፣ በሌላው እርጥብ ፎጣ ይዛ ነው። ሆዶ የምታወራው በሶማሊኛ ነበር፤ ጅግጅጋ ተወልዶ ላደገ ሰው ግን ይህን ያህሉን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ፣ ከጣሪያው በተንጠለጠሉት ሁለት ገመዶች ተደግፋ፣ የሆዶን ጀርባ ከዳሌዋ እስከ ማጅራቷ በተረከዟና በውስጥ እግሯ ስታፍታታ የቆየችው ራሷ ሩቲ ነበረች። ጭኗ እስካሁን ይንቀጠቀጣል። ከሆዶ ትከሻ ስር የተደበቀ፣ እንደ ለውዝ የጠጠረ ቋጠሮ አግኝታ እስኪለቅ ድረስ ስትታገለው ስለቆየች የቀኝ እግሯ አውራ ጣት ቀልቷል። ምስጋናው ግን በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ ለቆዩት ለአማቷ ለእትዬ አትጠገብ ሄደ።

ነገሩ የተጀመረው ከአራት ወር በፊት ነው። ሩቲ አዲስ አበባ ሄዳ ሦስት ወር ተምራ፣ በእግር የማሸት ምስክር ወረቀቷን በወርቃማ ፍሬም አሠርታ፣ በአማቷ ግቢ ያለችውን አንዲት ክፍል ነጭ ቀለም ቀብታ፣ «ለሴቶች ብቻ፣ አንድ ጊዜ አራት መቶ ብር» ብላ ሥራ ስትጀምር የመጀመሪያዋ ደንበኛ ወደ ምስክር ወረቀቱ ቀና ብላም አላየች። «መንታ ወልደሻል?» ነበር ያለቻት። በዚያ ሰፈር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሳይከራከር የሚስማማበት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ የታመመ ወገብ የሚድነው መንታ የወለደች ሴት ስትረግጠው ነው። ሩቲ እንኳን መንታ፣ በሦስት ዓመት ትዳሯ አንድም አልወለደችም። ሴትየዋ ይህን ስትሰማ የፈታችውን ሻሽ መልሳ ማሰር ጀመረች። ያኔ ነው እትዬ አትጠገብ ከጓዳ ብቅ ብለው «እኔ ወልጃለሁ» ያሉት። እውነታቸውን ነው። የጌታሁን የሚባለው የሩቲ ባልና ይሁን የሚባለው ወንድሙ በአሥር ደቂቃ ልዩነት የተወለዱ መንቶች ናቸው። ችግሩ እትዬ አትጠገብ ሰማንያ ስድስት ኪሎ መሆናቸውና የሚረግጡትን አለማየታቸው ነው። አንድ ጊዜ የገዛ ልጃቸው ይሁን ወገቤን ቢላቸው ወጥተውበት፣ ልጁ ወደ ሥራው ወደ ደወሌ የተመለሰው የጎረቤት ከዘራ ተውሶ ነው።

ስለዚህ አማትና ምራት ብዙ ሳይነጋገሩ ተግባቡ። ደንበኛ ስትመጣ እትዬ አትጠገብ ነጠላ ጫማቸውን በታላቅ ሥነ ሥርዓት ያወልቃሉ፣ እግራቸውን ይታጠባሉ፣ እጅጌያቸውን ሳይቀር ይሰበስባሉ። ደንበኛዋ በደረቷ ተኝታ ፊቷን በተጠቀለለው ፎጣ መሐል ስትቀብር እሳቸው ራስጌዋ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ይላሉ፣ ሩቲ ገመዱን ይዛ ትወጣለች። ሩቲ ክብደቷን በጣለች ቁጥር «እህህ» የሚሉት እሳቸው ናቸው። «እዚህ ጋ ነው አይደል፣ ልጄ?» የሚሉት፣ ማን አገባ፣ ማን ፈታ፣ ሽንኩርት ስንት ገባ የሚለውን የሚያወሩትም እሳቸው ናቸው። ድምፃቸው ከራስጌ፣ እግሩ ከግርጌ መሆኑን እስካሁን ልብ ያለ ሰው የለም፤ ጀርባው እየተፍታታለት ያለ ሰው እንኳን ይህን፣ የራሱን ስም ቢጠይቁት ማሰብ ይፈልጋል። ደንበኛዋ ስትነሳ እትዬ አትጠገብ ያላላበ ግንባራቸውን በነጠላቸው ጥለት እየጠረጉ ቆመው ታገኛቸዋለች።

ሆዶ ስልኩን ዘግታ፣ ሻሿን አስተካክላ ከመጋረጃው ስትወጣ የአርባ አምስት ዓመት ሴት ሳይሆን ገና ከትምህርት ቤት የተለቀቀች ልጅ ነበር የምትመስለው። ገበያው ውስጥ የታወቀች የድሪያ ቀሚስና የሻሽ ነጋዴ ነች። አታልሎ የሸጠላት ሰው የለም ይባላል። እሷ ደህና ነው ያለችውን ዕቃ ግማሽ ጅግጅጋ ይገዛዋል፤ ፊቷን ያዞረችበት ዕቃ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ይከርማል። የእትዬ አትጠገብን እግር ደህና ነው ካለች ወዲህም ክፍሏ ረቡዕና ቅዳሜ ሰው አይታጣባትም።

«ሆዮ» አለቻቸው፤ እናቴ ማለቷ ነው። አንቱታ የሚባለውን ነገር አማርኛዋ ውስጥ አስገብታው አታውቅም፣ እሳቸውም አይጠብቁባትም። «አንቺ እዚህ ጓሮ ምን ትሠሪያለሽ? አዲሱ ፎቄ ላይ፣ ከሱቄ አጠገብ አንድ ክፍል አለ። በሩ ለብቻው ነው፣ ውሃ አለው፣ ወንድ አያልፍበትም። ላንቺ ሰጥቼሻለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁልፉን ይዤ እመጣለሁ። ታፔላውንም አሠርቼዋለሁ፣ በባጃጅ ይልኩልሻል።» ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ሃያ ብር አወጣችና ሩቲ መዳፍ ላይ አደረገች። «ይሄ ለዘይቱ፣ አባዮ» አለቻት፤ እህቴ እንደማለት ነው። ሩቲ ሃያ ብሯን ይዛ በሩ ላይ ተገትራ ቀረች።

«እማዬ» አለች የግቢው በር እንደተዘጋ፤ የባሏን እናት ስታናግር፣ ተናዳም ቢሆን፣ አንቱታዋን አትረሳም። «ዛሬ ይንገሯት።»

«ምኑን?»

«የምረግጣት እኔ መሆኔን ነዋ።»

እትዬ አትጠገብ በርጩማቸውን ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረጉ፣ መልሰው አራቁት። እውነቱን ነግረዋት ሆዶ ቁልፉን ይዛ ብትመለስስ አሉ። ደንበኛው ሁሉ የሷ ሰው አይደለም ወይ አሉ። ከዚያ ባይሉት የሚሻላቸውን አሉ፤ «ሰው ጀርባውን ለማን ይሰጣል፣ ልጄ? ገና አንድ እንኳ ላልወለደች...» ቃሉን ሊመልሱት ይመስል እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ አልተመለሰም። ሩቲ ፎጣዎቹን ሰብስባ ወደ ቧንቧው ወጣችና ውሃውን ከሚያስፈልገው በላይ ከፈተችው፤ ያለቀሰችው ግን ጥቂት ነው። የምትፈልገው ቁልፉን አልነበረም፤ ቁልፉማ ለማንም ቢሰጥ ገመዱን ይዛ የምትቆመው እሷው ነች። የፈለገችው አንዲት ሴት፣ አንዲት ብቻ፣ ከፍራሹ ተነስታ ዓይኗን እያየች «እግርሽ ይባረክ» እንድትላት ነው። ታፔላው አንዴ አዲሱ ፎቅ ላይ ከተሰቀለ ግን ነገሩ ያበቃለታል። ከተማው ሁሉ ያነብበዋል፣ ሩቲም ዕድሜዋን ሙሉ ዘይት አቀባይ ሆና ትቀራለች።

ምሳ ሩዝ በቲማቲም ስጎ ነበር፣ ከጎኑ ሁለት ሙዝ፤ ረቡዕ ስለሆነ ሥጋ የለም። ባሏ የሚሠራው ደገሀቡር ነው፤ የሚመጣው ቅዳሜ ስለሆነ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ትሪ ተቀመጡ። ንፋሱ የቆርቆሮውን ጠርዝ ያንኳኳል። እትዬ አትጠገብ ሙዝ ኪሎው መቶ መግባቱን ተናገሩ፤ ሩቲ «እህ» አለች። ንፋሱ አቧራውን ሁሉ እቤት እንዳስገባው ተናገሩ፤ ሩቲ «እህ» አለች። ከዚያ አሮጊቷ ከሁለቱ ሙዝ ትልቁን በጣታቸው ገፋ አድርገው ወደ ሩቲ በኩል አሳለፉት። ሩቲ መልሳ ገፋችው። እንደገና ተገፋ፣ እንደገና ተመለሰ። ሙዙ ትሪውን ሦስት ጊዜ ተሻግሮ በመጨረሻ መሐል ላይ ቀረ፤ ማንም ሳይበላው ትሪው ተነሳ። ይቅርታ የሚጠየቀው በሙዝ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ባጃጁ ታፔላውን አራግፎ ሄደ። ቁመቱ የአንድ ሰው፣ ስፋቱ የበር ያህል የሆነ ቆርቆሮ ነው። መሐሉ ላይ ሠዓሊው አንድ ትልቅ ቡናማ እግር ሥሏል፤ ቀኝ ይሁን ግራ ለመለየት ግን ያስቸግራል፣ አውራ ጣቱ ሰፊ ስለሆነ እንደ ማንኪያ ይመስላል። ከላይ «የመንታ እናት እትዬ አትጠገብ፣ ወገብ ይረግጣሉ» ይላል፣ ከታች ያንኑ በሶማሊኛ ይደግመዋል። እትዬ አትጠገብ ስማቸው እንዲህ ተጽፎ ከመታወቂያቸው ሌላ የትም አይተው አያውቁም። አንዴ ቀረብ ብለው፣ አንዴ ራቅ ብለው አዩት። «እግሬን አወፈረብኝ እንጂ» አሉ ደስታቸውን ለመሸፈን፤ ሽፋኑ ግን አልበቃም። ከግድግዳው ጋር ቆሞ ምን እንደሚመስል ማየት አማራቸው። ሩቲ ከቧንቧው ዘንድ ሆና ሲጎነበሱ አይታለች፤ ላግዝዎ አላለችም። ይህ በኋላ ቆጭቷታል፤ በዚያን ሰዓት ግን የዚያን ቆርቆሮ አንድ ጠርዝ እንኳ መንካት አልፈለገችም። እትዬ አትጠገብ ሁለቱን ጫፎች ይዘው «በስመ አብ» ብለው ብድግ ሲያደርጉት ታፔላው ወደ ላይ ሄደ፣ እሳቸው እዚያው ቀሩ። የወደቀ መርፌ እንደሚፈልግ ሰው ጎንበስ እንዳሉ አልነቃነቅ አሉ።

«ሩቲ» አሉ በቀጭን ድምፅ።

ደግፋ፣ ግማሽ ተሸክማ አስገባቻቸውና ሌላ ሰው በሚተኛበት ፍራሽ ላይ በደረታቸው አስተኛቻቸው። ፊታቸው ፎጣው መሐል ገባ፤ ከነልብሳቸው ያ ሰፊ ጀርባ ክፍሉን ሞላው። ሩቲ በጣቷ ዳሰሰች። ከአከርካሪው በስተቀኝ ያለው ጡንቻ እንደ ጣውላ ደርቋል። «አጥንት አይደለም፣ እማዬ፤ ጡንቻ ነው የያዘዎት» አለች። «አሥር ደቂቃ ብረግጥዎ ይለቃል።»

«ምን?» አሉ እትዬ አትጠገብ ከፎጣው ውስጥ።

«አሥር ደቂቃ።»

«ምራቴ? እኔን? በእግሯ?» የተናገሩት ወደ ወለሉ ስለሆነ ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። ሌላውን ሁሉ ይችላሉ አሉ፤ ረሃብ ይችላሉ፣ ጾም ይችላሉ፣ ሁለት ልጅ በአንድ ቀን ወልደዋል፤ የልጃቸው ሚስት ላያቸው ላይ ቆማ ማየት ግን ከማይችሉት ነው። ነገ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ በምን ዓይናቸው ሰው ያያሉ? በእጅሽ እሺኝ አሉ። ሩቲ በእጇ ሞከረች፤ ነገር ግን እጇ ትንሽ ነው፣ ጀርባው ትልቅ፣ የጠጠረውም ጥልቅ ቦታ ነበር። እግር የተፈጠረው ለዚህ ነው ልትላቸው ፈለገችና ተወችው። ሩቲን እንዴት አያናድዳት? የመላውን ሰፈር ሴት ስትረግጥ እያዩ አራት ወር በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ሻሂ የጠጡ ሴት፣ ዛሬ እግሯን እንደ ስድብ ቆጠሩት።

የዘጠኝ ሰዓት ቀጠሮ የነበራት ካፊያ የምትባል ወጣት የባንክ ሠራተኛ ነች፤ ቀኑን ሙሉ ስትቀመጥ ስለምትውል ትከሻዋ ጆሮዋ ላይ ወጥቷል። ገብታ የመንታ እናት በሕመምተኛው ቦታ ተኝተው ስታይ ጫማዋን አውልቃ መልሳ አጠለቀች። ብዙም ሳይቆይ ሆዶ ገባች፣ በአንድ እጇ አንድ ኪሎ ቴምር፣ በሌላው ቀይ ክር የታሰረበት ቁልፍ። የሆነውን ሰማች። ምላሷን አንዴ ቀጭ አደረገችና ነገሩን እንደ ነጋዴ አሰበችው። የመንታ እናት ወገቧ ከታመመ መፍትሔው ሌላ የመንታ እናት ነው፤ ይህ ለሆዶ ጥያቄም አልነበረም። «ዐምራንን እንጥራ!» አለች። «እዚህ መታጠፊያው ላይ ወተት የምትሸጠው። እሷ አንዴ ብቻ አይደለም፣ ሁለቴ መንታ ወልዳለች። አራት!» ብላ አራት ጣቷን ለማንም ሳይሆን ለክፍሉ አሳየች። እሷው ራሷ ወደ በሩ ወጥታ ተጣራች።

ዐምራን መጣች። በሩን ለመግባት ትንሽ ወደ ጎን መዞር ነበረባት። ቀን ከቀን ሁለት ቢጫ ጀሪካን የግመል ወተት ከመናኸሪያ ተሸክማ የምታመጣ፣ ትከሻዋ የወንድ፣ ሳቋ ግቢ የሚሞላ ሴት ነች። የሚረገጥ ወገብ አለ ሲሏት ለደስታ ይሁን ለጸሎት እንደተጠራች ሁሉ ቀሚሷን ሰበሰበችና ቧንቧው ላይ እግሯን መታጠብ ጀመረች። እየታጠበችም በር ላይ ለቆመችው ለሆዶ ታወራለች፣ አማርኛውን ከሶማሊኛው እየቀላቀለች። «ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴን የአብሽርን ወገብ ረገጥኩት። ቋ! አለ። ከዚያ በኋላ አላለቀሰም።»

«ዳነ?» አለች ሆዶ።

«ሀርሺን፣ ዘመዶቹ ዘንድ ወሰዱት። መኪና ላይ አስተኝተው ነው የወሰዱት፣ መዳኑን አልጠየቅኩም።»

ፎጣው ውስጥ ያለው ትንፋሽ ቆመ። እትዬ አትጠገብ በፎጣው ቀዳዳ የሚያዩት አንድ ሳህን የሚያህል ወለል ብቻ ነው። እዚያ ወለል ላይ አንድ እግር መጣ። ውሃ የሚያንጠባጥብ፣ ተረከዙ በስንጥቅ የተሞላ፣ ወርዱ ከታፔላው እግር የማይተናነስ እግር ነበር። ቀጥሎ ሁለተኛው መጣና አጠገቡ ቆመ። እትዬ አትጠገብ ያን እግር እያዩ በሕይወታቸው ስለ መንታ የሰሙትን ሁሉ ከልባቸው ጠሉ።

«ሩቲ!» ብለው ጮኹ። «ሩቲ ትርገጠኝ!»

ሆዶ ሳቀች። ሕመሙ አናታቸው ላይ ወጣ ብላ ነው የሳቀችው። «ሩቲ? የዘይቷ ልጅ? እሷ ምን ታውቃለች፣ ሆዮ?»

ሁሉም ዘወር ብሎ ሩቲን አየ። ሩቲ ገመዶቹን ይዛለች፤ መቼ እንደያዘቻቸው አላስተዋለችም። ጀርባቸው ላይ መውጣት ትችል ነበር፤ ወጥታ፣ ረግጣ፣ ወርዳ፣ ዝም ማለት። እንደ ሁልጊዜው። ነገር ግን ሃያ ብሯ ገና ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ነበረች፣ ጠዋት የተጀመረው ያ ያላለቀ ቃልም ከልቧ አልወጣላትም።

«እወጣለሁ፣ እማዬ» አለች ቀስ ብላ። «መጀመሪያ ግን ለሆዶ ይንገሯት።»

«እሺ ውጪና እነግራታለሁ።»

«ይንገሯትና እወጣለሁ።»

ካፊያ ከአንዷ ወደ አንዷ ታያለች። ዐምራን ነገሩ ስላልገባት እግሯን በፎጣ አደራርቃ፣ የቀሚሷን ጫፍ ከፍ አድርጋ ወደ ፍራሹ አንድ እርምጃ ተጠጋች። እትዬ አትጠገብ ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ሰሙት።

«ቆይ! ዐምራን፣ ቆይ፣ በልጆችሽ!» ከዚያ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አፈሰሱት። «ሆዶ፣ ስትረግጥሽ የኖረችው እሷ ናት። አራት ወር ሙሉ እሷ ናት። እኔ አንድ ቀን ጀርባሽ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ያን ትከሻሽን የፈታችው እሷ፣ ወገብሽን ያቀናችው እሷ። እኔ ወሬውን ነው ያወራሁት። እህህ የምለውም ባዶዬን ነው።»

ሩቲ ጀርባቸው ላይ ወጣች። ሰው ባልጠበቀው ቅለት፣ ክብደቷን ግማሹን በገመዱ ላይ ትታ፣ በመጀመሪያ በውስጥ እግሯ ብቻ ከዳሌያቸው በላይ ያለውን ቦታ ለስለስ አድርጋ ዳሰሰች። አከርካሪውን አልነካችም። ተረከዟን ከጣውላው ጡንቻ ጎን አስቀምጣ፣ እሳቸው ትንፋሻቸውን ሲያወጡ ክብደቷን ትንሽ ጨመረች፣ ሲያስገቡ ቀነሰች፤ እንደገና ጨመረች። «ሰፋ አድርገው ይተንፍሱ፣ እማዬ» ትላለች፤ አማቷ ላይ ቆማም አንቱታውን አልተወችም። እትዬ አትጠገብ መጀመሪያ ጥርሳቸውን ነከሱ፣ ከዚያ «እህህ» አሉ። የዛሬው የእውነት ነበር። ሁለት ጊዜ ወደ ማጅራታቸው ወጥታ ከተመለሰች በኋላ ጣውላው በመጀመሪያ እንደ እርጥብ እንጨት፣ ከዚያ እንደ ሥጋ ሆነ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ወረደች። እትዬ አትጠገብ በእጃቸው ተደግፈው ቁጭ አሉ፣ ወደ ቀኝ ዞሩ፣ ወደ ግራ ዞሩ፣ ሩቲን ቀና ብለው አይተው ዓይናቸው እንባ ሞላ። «እኔ ሞኟ» አሉ። ሩቲም ሌላ አልጠበቀችም።

ሆዶ ግን አልሳቀችም። ቴምሩን መሬት ላይ አስቀምጣ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ከታ ዚፑን ዘጋችው። ያ የዚፕ ድምፅ ለሩቲ በጣም ተሰማት። «እኔ ለሃምሳ ሰው ተናግሬያለሁ» አለች ሆዶ። «ለሃርጌሳ ዘመዶቼ ሳይቀር። የመንታ እናት ናት፣ እግሯ በረካ አለው ብዬ ምያለሁ። አሁን ምን ልበል? ሆዶን ጓሮ ውስጥ አታለሏት ይባል? መንታ ያልወለደች ልጅ ናት ብዬ ለማን ነው የምነግረው? ማን ይተኛላታል?» የተናደደችው በሩቲ ይሁን በራሷ ለማወቅ ያስቸግር ነበር። ሩቲ ክፍሉ መቅረቱን አወቀች፤ ምናልባት የረቡዕና የቅዳሜ ደንበኞችም። ሆኖም በመናገሯ፣ ለራሷም እየገረማት፣ አልተጸጸተችም።

ይህን ሁሉ ጊዜ ዐምራን በታጠበ እግሯ ወለሉ መሐል ላይ ቆማ ነበር። «ታዲያ እኔ እግሬን ለምን ታጠብኩ?» አለች። ፍራሹን አየች፣ ገመዱን አየች፣ ሩቲን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ከዚያ ሻሿን ፈታ ለካፊያ አስያዘችና በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ቀስ ብላ፣ በደረቷ ተኛች። ፍራሹ አቃሰተ።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አለች ሆዶ።

«ልረገጥ።» ዐምራን ራሷን በክንዷ ላይ አደረገች። «ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ረገጥኩ። የዚህን ሰፈር ወገብ ሁሉ ረግጫለሁ። የአንቺንም ባል ረግጫለሁ፣ ሆዶ። ሰው ሁሉ ዐምራን ነይ፣ ዐምራን እርገጪኝ ይላል። እኔን ማን ረግጦኝ ያውቃል? አራት ልጅ በዚህ ወገብ ወለድኩ፣ ወተቱን በዚህ ወገብ አመጣለሁ። መንታ የወለደች አያማትም ያለው ማነው?»

ሩቲ አጠገቧ ተንበረከከች። ለእያንዳንዷ ደንበኛ በልቧ የምትጠይቀውን፣ በአፏ ግን ሁልጊዜ አማቷ የሚጠይቁላትን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ድምፅ ጠየቀች። «የት ላይ ነው የሚያምሽ?»

«ቆይ ላስብ» አለች ዐምራን፤ «ይሄን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም።» ትንሽ አሰበችና «ሁሉም ቦታ» አለች።

ከሁሉም ቦታ ለመጀመር ቀላል አይደለም። ሩቲ ከዐምራን እግር ጀመረች፣ ጀሪካን የተሸከሙት ትከሻዎች ላይ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። እዚያ ላይ ሙሉ ክብደቷን አኑራ፣ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ፣ ለረጅም ጊዜ ቆመች። እትዬ አትጠገብ በርጩማቸው ላይ ሆነው አፋቸውን አልከፈቱም፤ ይህም ካፊያን ከሁሉ በላይ አስገረማት። ሆዶ መጀመሪያ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ ቀጥላ ግድግዳው ጋ መጣች፣ በኋላ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የሩቲን ጣቶች ከቅርብ ታይ ጀመር። ያን እግር ጀርባዋ ያውቀዋል፣ ዓይኗ ግን አይቶት አያውቅም። ዐምራን አንዴ ሳቀች፣ አንዴ አለቀሰች፣ ከዚያ አንኮራፋች።

ሲቀሰቅሷት አንገቷን ወደ ሁለቱም ጎን አዞረች፣ እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች፣ የሩቲን ፊት በሁለት መዳፏ ይዛ «እግርሽ ይባረክ» አለቻት። «ነገም እመጣለሁ» አለች ዐምራን ሻሿን እየተቀበለች። «ለባለመንቶቹ ሁሉ እናገራለሁ። አንድ ቀን እኛም እንተኛ።»

ሆዶ ከወለሉ ተነሳች። ለሃምሳ ሰው የሚነገር ወሬ እንዳገኘች ፊቷ ላይ ይነበባል፤ ሁለቴ መንታ የወለደችው ዐምራን ራሷ የምትተኛላት እግር። «ነገ የኔ ቀን ነው» አለች።

«ያንቺ ቀን ዛሬ ጠዋት ነበር፣ ተረግጠሻል!» አለች ዐምራን።

«የዘጠኝ ሰዓቱ ቀጠሮ እኮ የኔ ነው» አለች ካፊያ፣ «አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ!»

ሦስቱም በአንድ ላይ መናገር ጀመሩ። ሆዶ ክርክሩን ሳታቋርጥ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ቁልፉን አውጥታ «ያዢ፣ ታፔላውን በስምሽ አስቀይረዋለሁ» ብላ ሩቲ እጅ ውስጥ ጨመረችውና ሁለት እጇን እያወናጨፈች ወደ ዐምራን ዞረች። ጩኸቱ ጨመረ። ያኔ እትዬ አትጠገብ ከበርጩማቸው ብድግ አሉ፣ ወገባቸውን ሳይዙ፣ በደንበኞቹና በሩቲ መሐል ገብተው ሁለት ክንዳቸውን ዘረጉ።

«ተራ ያዙ እንጂ!» አሉ። «ምራቴ ያላት ሁለት እግር ብቻ ነው!»

ሩቲ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ፊቷን ወደ ገመዶቹ አዞረች። ካፊያ በዚህ መሐል ጫማዋን አውልቃ ተኝታ ነበር።